ኋላ ማርሽ

መንጃ ፈቃዴ ላይ ማኅተሙ ሳይደርቅ፣
እኔ መተማን ነው የማልመው በሩቅ፤
ሊማሊሞን ወርጄ፣ ተከዜን ተሻግሬ፣
ተሳቢ አስከትዬ በሌሊት በርሬ።

ጋሽ ውባንተ ሳቀ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣
ቁልፉን ወረወረ፣ መልሶ ደግሞ ሳቀ።
«ለጊዜው ጅቡቲህ ከፒያሳ አዘዞ፣
ሌላውን ጎማህ ይነግርሃል ተጉዞ።
ወደ ፊት መሄዱን ፍየልም ይሄዳል፤
ሹፌር ግን በኋላ ማርሽ ይፈረዳል።»

አይሱዙዋ አሮጊት፣ በሯ በሽቦ ታስሮ፣
ሁለተኛ ማርሿ የሚገባ አንገራግሮ፤
ግራ ስፖኪዮዋ መሐሉ ተሰንጥቆ
አንዱን ቤት ሁለት አርጎ ያሳያል አራርቆ።

ጠዋት ሲሚንቶ ነው፤ ረፋዱ ላይ ዱቄት፤
ምሳ ሳይበላ የቆርቆሮ ጩኸት፤
ማራኪ ፌሮ ጥለን፣ ሳሙና በር ጨው፣
ሂሳቡ በምልልስ ነው፣ ሲመሽ ነው የሚታየው።
አውቶ ፓርኩ ጥግ ስቆም፣ የሩቅ መንገድ ሰዎች፦
«ካፒቴን!» ይሉኛል፣ «ዛሬስ ወዴት አደርክ?
የቀበሌ ዐሥራ ስምንትን ኬላ ተሻገርክ?»
እስቃለሁ፤ ምን ላርግ? ሸሚዛቸው ላይ የሰፈረ
የጋላፊ አቧራ ያስቀናኝ ነበረ።

ሐምሌ ነው። የቁስቋም ዳገት። ጭቃ።
ረዳቴ ማንዴ ከኋላ ይጮኻል በዝናቡ፦
«ና፣ ና፣ ና… ቀኝ ስበር… መልስ… ቀጥ…
ቆይ! ቆይ!»
ስፖኪዮው ውስጥ ሁለት ካብ አለ።
የውሸቱን ሸሸሁ፣
እውነተኛውን ገጨሁ።

እማማ ጥሩወርቅ ወጡ፣ ጃንጥላ ሳይዙ፤
አልጮኹም፣ አልረገሙም፣ ፖሊስም አላዘዙ፤
የወደቀውን ግን ቆጠሩት በጣታቸው።
ዐሥራ አንድ ድንጋይ። ሲጨርሱ፣ ዓይናቸው
ጎማዬን ተሻግሮ ፊቴ ላይ መጣ፦
«ባለፍክ ቁጥር አንዷን፤ ሁለት እንዳታነሣ።
የቸኮለ ካብ ክረምት አይወጣ።»

አንዷን ማክሰኞ፣ አንዷን በፍልሰታ መግቢያ፣
አንዷን በባዶ ሆድ፣ አንዷን ከገበያ።
ድንጋይ ፊት እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት፤
ፊቱን ወደ መንገድ፣ ጀርባውን ለአፈር ሰጠሁት።

በዚያው ሰሞን ሰፈሩ እጄ ውስጥ ገባ፦
የትኛው በር ደፍ አለው፣ የቱ ቦይ ጎማ ይውጣል፣
የትኛው ውሻ ይጮኻል፣ የትኛው ዝም ብሎ ይመጣል።
ባለሱቁ አላምረው ሳያማርር አይከፍልም፣
ሲከፍል ግን አንዲት ሳንቲም አያጎድልም።
መስታወቱን ትቼ ወገቤ ለመደው፣
ከመኪናው በፊት ካቡን ትከሻዬ ሰማው።

ዐሥሩን መለስኩ። ዐሥራ አንደኛዋን ሳነሣ
እማማ እጄን ያዙኝ፦
«ይቺ ትቅር። ታኮ ትሁንህ።
መኪና የሚያሰጋው ሲሄድ አይደለም ልጄ፣
ሲቆም ነው።»

ሁለት ክረምት አልፎ ጋሽ ውባንተ ጠራኝ፤
አልሳቀም። ቁልፉን በእጁ አቀበለኝ።
ተሳቢ ነው። ከመተማ ሰሊጥ፣ እስከ ወደብ።
ማንዴ አይሱዙዋ ላይ ቀረ፤ አሁን ካፒቴኑ እሱ ነው።
አዘዞን ስሻገር ክላክስ ነፋሁ፣ ለማንም አይደል፤
ያቺ ጅቡቲዬ ከኋላዬ ቀረች።

ከአይከል ወዲያ፣ ቁልቁል፣ ሌሊት፣ ጎማው ተንፍሶ፣
ታኮዋን ሸጎጥኩ፤ የቁስቋም ድንጋይ ቆላ ደርሶ
ያን ሁሉ ብረት ይዞ አደረ።
እኔ ግን አልተኛሁም።
መንገዱ ሰፊ ነው፤ በር የለው፣ ደፍ የለው፣
በስሜ የሚጮኽ ውሻ፣ የሚያማርር ሰው፤
ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና» የሚለኝ የለም።
ወደ ፊት ብቻ ነው።
ፍየልም የሚሄደው።

እማማ ካብ ላይ፣ በዐሥራ አንደኛዋ ቦታ፣
አሁንም ክፍት ነው አሉ፤
የጎረቤት ድመት ትገባበታለች ማታ።