የዝሆን ዱካ ውስጥ

በኛ ሰፈር፣ በደቻቱ ዳር፣ ወንዝ ማለት አሸዋ ነው፤
ልጅ ኳስ የሚለጋበት፣ ፍየል የሚያቋርጠው፤
ውሃን የሚያስታውሰው
ሲቆጣ ብቻ ነው።

ዘቢባ ከኢድሪስ ሱቅ የናይለን ክር ስትገዛ
ኢድሪስ ሳቀ፦ «ምን ልታጠምጂበት ነው? አቧራ? ወይስ ጤዛ?»
አልመለሰችለትም።
በዚያ ሰሞን ለማንም አልመለሰችም፤
ለኔማ ጭራሽ፤ ሻይ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ታኖራለች እንጂ በእጇ አልሰጠችም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ እቁቧ ደረሳት፤
እኔ ደግሞ ሳልጠይቃት
ገንዘቡን አንስቼ ጅጅጋ ላክሁት፣
«ለአንድ ወር ነው» ላለኝ ወንድሜ። ይኸው ሰባት ወር ቆጠርኩት።
እሷም ቆጥራለች። ስልኩን ከዘጋ ወዲህ ግን አትናገርም፤
ዝምታ እንደ ቤት ዕቃ በር ላይ ተጋድሞ
ስንገባ ስንወጣ ሲያደናቅፈን ከርሞ

ክረምቱ ወጣ። ጎርፉ ጠራ። ዓመት በመጣ ቁጥር
በጥቅምት የመጀመሪያው እሁድ ዓሣ ልናጠምድ እንሄዳለን፤
ልማድ ነው፤ በኩርፊያ የማይሻር።

ሌሊት አስር ሰዓት ሞተሩን አስነሳሁት፤
ከኋላዬ ተቀመጠች፤ የያዘችው ወገቤን ሳይሆን የኮርቻውን ብረት።
ደንገጎን ስንወጣ ብርዱ ጆሮ ቆረጠ፤
እጇ ጃኬቴ ኪስ ገብቶ ተቀመጠ፤
ለብርዱ ብሎ ነው። ለኔ አልነበረም።

ሐረርን በጎን አለፍናት፤ ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛን፤
ከዚያ አስፋልቱ ቀረ፤ ከዚያ መንገዱም ተወን።
ሞተሩን ለአንድ ባለ ግመል ሽማግሌ አደራ ሰጠን፣
ቁልቁል ወደ ኤረር፣ በቆንጥር መሃል፣ ልብስ እያስቀደድን ወረድን።

ጫካው ሰው አያውቅም። ሾላው ወንዙ ላይ ጎብጦ
ጥላውን ያጥባል፤ ከላዩ አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ ተቀምጦ
እንደ አገር ዳኛ ያየናል።
ክሩን በለስላሳ ጠርሙስ ጠምጥመናል፤
ክብደቱ ከሞተሬ የወለቀ አሮጌ ካንዴላ ነው።
እኔ ትል አልነካም። ታውቃለች።
የራሷን ሰካች፤ እጇን ዘርግታ
የኔንም ሰካችልኝ።

ዝም አልን።
ይህኛው ዝምታ የቤታችን ዝምታ አልነበረም፤
ዓሣውን ላለማስደንገጥ ነው፤ ማንንም አይወግርም።

ፀሐይ የሾላው ጫፍ ስትደርስ ክሯ ተወጠረ፤
ጠርሙሱ በመዳፏ ውስጥ ዞረ፣ እየዞረ አሻፈረ፤
«ነጂብ!» አለች።
በስንት ቀን የመጀመሪያው ቃሏ ስሜ ነበረ።

አምባዛ ነው፤ ጢማም፣ ክንድ የማይሞላ፣ ጥቁር።
ባልዲ ረስተናል። (የረሳሁት እኔ ነኝ።)
ዳሩ ላይ ግን ዝሆን ረግጦት ያለፈ ጭቃ ነበር፤
ዱካው ውሃ ቋጥሮ፣ እንደ ገበታ ሰፍቶ፤
እዚያ ጨመረችው፣ «እስክንሄድ ይቆየን» ብላ።

ከፔርሙዙ ቁጢ ቀዳች። በእጇ ሰጠችኝ።
«ወንድምህ ታሞ ይሆን?» ስትል ድንገት ጠየቀችኝ።
ሰባት ወር ሙሉ ያሰናዳሁት መልስ ነበረኝ፤
ለዚህ ጥያቄ ግን አልነበረም።
«አላውቅም» አልኩ። «ሳልጠይቅሽ መስጠቴ...»
አልጨረስኩትም። እሷም አልጨረሰችልኝም።
ግን አወራን፤ ስለ ገንዘቡ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣
«እኔ በቤቴ እንግዳ ነኝ ወይ?» አለች፤ ተቆጣች፤
ደህና አድርጋ ተቆጣች፤
ዝንጀሮው ቅርንጫፍ ቀየረ።

ዞር ስንል ዱካው ባዶ ነው።
አምባዛ ደግሞ በደረቱ የሚሄድ፣ አየር የሚጠጣ፣
እኛ ስንካሰስ ሹልክ ብሎ ወጣ፤
ጭቃው ላይ መስመር አለ፤ ያልቸኮለ፤ እስከ ወንዙ።
ዘቢባ መስመሩን በጣቷ ተከተለች፤
«ይህን ያህል አውርተናል ማለት ነው?» አለች።
ሳቋ ሲመጣ
ከየት እንደመጣ አላየሁም።

ባቢሌ ላይ ኔትወርክ ሲመለስ ደወልኩ። ዝግ ነው።
ከጀርባዬ ሰማች። ምንም አላለችም።
ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ወገቤን ያዘች።

ማታ ድሬ ስንገባ ሙቀቱ በር ላይ ጠበቀን፤
ኢድሪስም። «እሺ፣ ጤዛው ያዘ?» ሲል ጠየቀን።
እጆቿን ዘርግታ፦ «ይህን የሚያክል! አመለጠን።»
እኔ አንዱን እጇን ይዤ
ትንሽ ወደ ውጭ ሳብኩት።