ለአንዲት ዛፍ የተሠራ ግንብ

አባት ሲሞትባቸው ርስት ተካፈሉ፤
ወይኑ ለታላቁ፣ ከደጅ እስከ ገደሉ።
ድንጋይ ቤቱ፣ ጉድጓዱ፣ አህያይቱ ጭምር
ለመሐለኛው ሆነ፣ ለዲኖ፣ ያለ ክርክር።
«ለፎርቱናታስ?» አለ ውል ጸሐፊው ቀና ብሎ፤
«ለሷማ ብርቱካኗ፣ ከነግንቧ፣» አሉት ቶሎ።

አንዲት ዛፍ።
ዙሪያዋን ክብ ግንብ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣
ደጃፉ የሚያስጎነብስ፣ ጣራው ባዶ ሰማይ።
ጥቁር ድንጋይ በድንጋይ፣ ጭቃ ያልነካው ካብ፣
ከዛፏ የሚያርቀው የነፋስን ረሃብ።

በፓንተለሪያ ነፋስ እንግዳ አይደለም፤
ሳያንኳኳ የማይገባበት ደጅ የለም።
ወይራው ተንበርክኮ በደረቱ ይሄዳል፣
ወይኑ በጉድጓድ ተደብቆ እንደ ጥንቸል ይወልዳል።
ፍሬውን ዚቢቦ ይሉታል፤ ከጥንት የቀረ ቃል፣
ዘቢብ ነው፤ ዓረቡ ሄደ፣ ስሙ ለፀሐይ ተሰጥቷል።

ምንጭ የላትም ደሴቲቱ፤ ከጉልላቱ ጣራ
ዝናብ ወደ ጉድጓድ ይወርዳል፣ እንደ ሰው አደራ።
ከተራራው ስንጥቅ ግን እንፋሎት ይወጣል፤
የእሳቱን ላብ በቅጠል ያቆረ ፍየሉን ያጠጣል።
አያቷ ታወራት ነበር፣ ባሕር እንደፈላ አንድ ሌሊት፣
ጥቁር ድንጋይ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ሲንሳፈፍበት፣
ዓሣ ተቀቅሎ ሲመጣ፣ ያለ ድስት፣ ያለ እንጨት።
«ታዲያ አልሸሻችሁም?»
                    «ሸሽቶ ወዴት?»

ታላቁ ጋስፓሬ ወይኑን አራት ዓመት ታገለ፤
ዋጋው ሲወድቅ በመርከብ ወደ ትራፓኒ ኮበለለ፣
ከዚያ አውስትራልያ። ፎቶ ላከ፣ ከበግ መንጋ ጋር ቆሞ፣
ከኋላው ሜዳ፣ ሜዳ፣ ሜዳ። አንድ ድንጋይ የለም ደግሞ።
ዲኖ አህያይቱን ሸጠ፤ ቤቱን ለአንድ ሚላኖ ሰው፣
በነሐሴ ብቻ ለሚታየው፣
የዝናቡን ጉድጓድ መዋኛ ላደረገው።

እሷ ቀረች።
ካፔሪ ለቀመች ጎህ ሳይቀድ፣ እምቡጡ ሳይፈነዳ፣
በጨው ቀብራ ሸጠች፤ ከፈለች የሁለቱን ዕዳ።
«ባልስ?» ሲሏት፣ «ግንቡ ለሁለት ይጠባል» ብላ ሳቀች፤
በየማታው ጎንበስ ብላ ገብታ ከግንዱ ሥር ተቀመጠች።
እዚያ ነፋስ የለም። ጆሮ የራሱን ደም ይሰማል፤
ቅጠል ሲወድቅ ሰው የገባ ይመስላል።

ሰባ ዓመት በሞላት፣ በብርዱ ወር፣ ምድርን ጥቂት አሳከካት፤
ግንቡ በባሕሩ በኩል፣ በር የሚያህል ተናደባት።
ግንብ ካቢው ኤሬራ መዶሻ ይዞ ከረኻሌ መጣ፤
«ሳይመሽ ልድፈነው እሜቴ፣ ሌሊት ነፋሱ ሳይወጣ።»
እሷ ግን በሽንቁሩ ወዲያ ወዲያ ታያለች።

«ከመቶ ዓመት በላይ በደሴት ኖራ
ይህች ዛፍ ባሕር አይታ አታውቅም።
ዛሬን ተዋት።
ነገ ትክበዋለህ።»

ኤሬራ ራሱን ነቀነቀ፤
መዶሻውን ከካቡ አስደግፎ ሄደ።
ማዕበሉ ጨው እያሸከመ ነፋሱን ሲልክ አደረ፤
ፎርቱናታ በርጩማዋን ስባ፣ ሻሿን አጥብቃ፣
እንደ አስታማሚ፣ አንድ እጇን ግንዱ ላይ አድርጋ።

ነጋ። በባሕሩ በኩል ያለው ቅጠል ሁሉ ተጠብሷል፤
እንደ ትንባሆ ጠቁሮ፣ ሲነኩት ይፈርሳል።
ኤሬራ «ብዬሽ ነበር» አላለም። ድንጋይ አነሳ፣
አንዱን ባንዱ ላይ፣ እስከ ቀትር፣ ሳይበላ ምሳ።
መጨረሻ ላይ ስትቀር መዳፍ የምታህል ክፍተት፣
«ይህቺንስ?» አላት።
ዝም አለች። እሱም ተዋት።

አሁን ፀሐይ ስትጠልቅ አንዲት ትንሽ ብርሃን
በዚያች ቀዳዳ ገብታ
ግንዱን እየዳበሰች ትወጣለች፣ ቀስ ብላ፣
እንደ ዓይነ ስውር ጣት።

በከርሞው የተጠበሰው ጎን ሦስት ፍሬ ሰጠ።
አንዱ ገና በቅርንጫፉ ላይ ነው።
አንዱን ለኤሬራ ላከች፤
«ጨው ጨው አለኝ» ብሎ በልጁ መለሰላት።
እሷ የራሷን ስትበላ ምንም ጨው አልቀመሰችም፤
እንዲያ ትላለች።