ዝቅ አድርገሽ

ሻርጃ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
በተከራዩት ቪላ፣ በተከራዩት ማድቤት፣
ኤሲው ተዘግቷል፣ ድምፅ እንዳይገባበት።
ቢጁ፣ መብራት ያዡ፣ ላቡን ይጠርጋል፣
ባገሩ ቋንቋ ያማርራል፣ በዓረብኛ ይስቃል።
እኔ ጥግ ቆሜያለሁ፤ የመጣሁት ለቁጥር፣
ልብስ በቅርጫት ይዤ ከኋላ ላልፍ፣ ሳልናገር።
ዓርብ ዕረፍቴ ነው። ሰማንያ ድርሃም፣ ከምሳ ጋር፣
ማን ይጠላል አለችኝ ከድጃ፣ ምንም የማይከብዳት በዚህ ምድር።

እና አንቺ ገባሽ፣ ሰምሃል።
ፎቶሽን አውቀዋለሁ፤ ባቃላው በር ላይ ተለጥፏል፣
ግማሽ ፊትሽን ፀሐይ በልቶታል፣
የቀረውን የስልክ ካርድ ዋጋ ሸፍኖታል።
ዛሬ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ወደ ኋላ የታሰረ ሻሽ፤
ትወና የመጀመሪያሽ ነው አሉ፤ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አየሁሽ።
ፊልሙ ሙዚቃዊ ነው፤ ሲያለቅሱም ሲያጥቡም ይዘፈናል፣
አንቺ ሠራተኛዋ ነሽ፤ ትልቁ ዘፈን ላንቺ ተሰጥቷል።

"ካሜራ!" ሲል ኤልያብ፣ ደረትሽን ነፋሽ፣
ካውያውን እንደ ማይክ ወደ አፍሽ አስጠጋሽ፣
ያ የምናውቀው ጉሮሮሽ
ማድቤቱን ስታዲየም አደረገው፤
እጅሽ ሕዝብ ፈልጎ ተዘረጋ፤ ያገኘው ፍሪጁን ነው።

ሰባት ጊዜ ተቀረጸ። ሰባቴም አማረ።
ሰባቴም ኤልያብ ራሱን ነቀነቀ፤ "አንድ ነገር ቀረ።"
ያኔ ነው የሳቅሁት። ሳላስበው፣ ጮክ ብዬ።
"ምን ያስቅሻል አንቺ?"
"ይቅርታ፣ ጌታዬ፤
ማዳም ቤት እንዲህ አይዘፈንም።"

ዝም።
ከዚያ አንቺ መጣሽ፣ ጫማሽን አውልቀሽ፣ አጠገቤ፤
"ንገሪኝ፣ እንዴት ነው?" ስትይ ነው የራራ ልቤ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አራቱ ኩዌት፣ ሰባቱ እዚህ።
ዘፈኔን ያኖርኩት በዕቃ ጩኸት ልክ ነው፣ እንዲህ፤
የጁስ መፍጫው አጭር ነው፤ ለአንድ ስንኝ ብቻ።
የምንጣፍ መጥረጊያው ሲያጓራ፣ ለእንጉርጉሮ መባቻ።
ልብስ ማጠቢያው ግን ሊጨምቅ ሲዞር አሥራ ሁለት ደቂቃ አለው፤
ሙሉ ዘፈን ይይዛል፣ ከነአዝማቹ፣ ለቻለው።
ሲቆም ትቆሚያለሽ።
ቃሉ አፍሽ ውስጥ ግማሽ ቢሆንም ትውጪዋለሽ።

መዳፍሽን ይዤ ክዳኑ ላይ አኖርኩልሽ።
"ዝቅ አድርገሽ። ከዚህ ንዝረት ሥር" አልኩሽ።

ስምንተኛው። ማሽኑ ዞረ። ከንፈርሽ ተላወሰ።
ድምፅ ቀራጩ "አይሰማም" አለ፤ ማዳመጫውን ዳሰሰ።
ኤልያብ እጁን አነሣ፤ ተዋት፣ እንደማለት።
ጀርባሽን ሰጠሽን፤ ትከሻሽ ብቻ ነበር የሚታየን ሲዘፍን፣ በፀጥታ፣ ላብ ባጠበው ሸሚዝ ሥር፣ እንደምንም በትዕግሥት።
እና ማሽኑ ቆመ።
ዘፈኑ "እመጣ…" ላይ ነበር፤ እዚያው ላይ ከሰመ።

"እመጣለሁ" ነው ወይስ "እመጣ ነበር"?
ጅራቱን ዋጥሽው። ቢጁ እንኳ፣ ቋንቋው የማይገባው፣
መብራቱን ይዞ ቆመ፣ እንደ ግንብ አጥር።

ፊልሙ ወጣ፣ በጥር።
የኔ ጀርባ ሁለት ሰከንድ ያልፋል፣ ቅርጫቱን ይዞ።
ያንቺ ድምፅ ግን ስቱዲዮ ገብቶ ታጥቧል፤
ማሽኑ ወጥቷል፣
"እመጣለሁ" ትያለሽ፣ ጥርት አድርገሽ፣ እስከ መጨረሻው ፊደል፣
አዳራሽ በሚሞላ ቃል።

አልተቀየምኩሽም።
ማታ፣ ቤቱ ሲተኛ፣ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ከፈትኩት፣
የስልኩን ድምፅ አንድ መስመር እስኪቀር ቀነስኩት፣
ከዚያም አንዱን መስመር።
ያኔ ነው የሰማሁት።