የማን ልጅ ነህ?

ዝናብ ባባራበት፣ ሽምብጥ ዳር፣ ማለዳ፣
ከሲንጀሬ ጫፍ ላይ አረፈ እንግዳ፤
ግራጫ ካባ ላይ ቢጫ ጉትዬ አስሮ፣
ጉንጩን በብርቱካን ቀብቶ አሳምሮ።

የጣና አይደለም፣ የቤት ነው፣ ያስታውቃል፤
እጄን ስዘረጋ ጣቴን ይጠይቃል።
ከሐይቁ ንፋስ ጋር ስንት ቀን ታግሏል?
ጭራው ላይ የደንገል ስንጥር ተጣብቋል።

«የማን ልጅ ነህ?» አልኩት፣ እንደ ሰፈር ልጅ፤
ያፏጫት ዜማ ግን፣ ሰው ሲደርስ ከደጅ
«መጣሁ፣ ክፈቱልኝ» የሚልባት ናት፤
አንድ ሰው ያስተማራት፣ አንድ ቤት የሚያውቃት።

በጫማ ካርቶን ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ዘረጋሁ፤
ዳጉሳ በቆርኪ፣ ውሃ በክዳን ሰጠሁ።
«አቮካዶ መርዝ ነው!» ብሎ ሐኪም አንሙት
ባይደርስብኝ ኖሮ፣
በገደልኩት ነበር፣ ከደግነት ብዛት።

ማስታወቂያ ጻፍኩኝ፣ ለጠፍኩ በየሱቁ፤
ሦስት ሰዎች መጡ፤ ፉጨቷን አያውቁ።
አንዱማ ጭራሽ «ስንት ያወጣል?» አለኝ።

ስፌት ስጀምር ትከሻዬ ላይ ይወጣል፤
መኪናው ሲንቀጠቀጥ እሱም ያንጎላጃል።
ለገበያ ስወጣ ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይከተለኛል።

ኋላ ከአባይ ማዶ መጡ እትዬ ጥላነሽ፤
«ጓደኛዋ የሞተባት እንዲህ ያለች ወፍ አለችኝ፤
እህል መቅመስ ትታለች» አሉና ዝም።
እኔም ዝም።
ሲንጀሩም ዝም።

በባጃጅ ሸኘሁት፣ ካርቶኑን አቅፌ፤
ድልድዩ ላይ ቆመ ጉትዬው፣ እንደ መርፌ።

ዛሬ ማታ ደርሼ፣ ቁልፌን ሳወጣ ከኪሴ፣
ያቺን አጭር ዜማ አፏጨኋት ለራሴ፤
መጣሁ፣ ክፈቱልኝ።
ማንም አልከፈተም። ቁልፉን ራሴ አዞርኩ፤
በጨለማው አንዲት ዳጉሳ ረገጥኩ።