ሲላላ፣ ሲጠብቅ

ልደታ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በመስኮቱ ባቡር፣ በመስኮቱ ሰማይ፣
የችሎት ጸሐፊ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ።
ዳኛው ሳይጨርሱት ይጨርሳል ጣቴ፦
«አጥፊው ይታረም፣ ሌላውም ይማር»፣
ከዚያ የዓመት ቁጥር፣ ከዚያ ማኅተም፣ ክር።
ቼኩ ደረቅ ቢሆን፣ ቁስሉ ቢሆን በጩቤ፣
ስም ብቻ እቀይራለሁ፣ ሳይዘልቅ ወደ ልቤ።

ማክሰኞ ለታ ግን ታቤላ ጸሐፊው
ጋሽ ምናሴ ገቡ። በሩ ላይ «14» ያለው
የሳቸው ጽሕፈት ነው፤ ቀና ብለው አዩት፣
«አራቷ ዘመመች» አሉና ተዉት።
ያ እጅ ነው ፒያሳን ያስነበበ ለሰው፣
ዳቦ ቤቱን፣ ፀጉር ቤቱን፣ በየስሙ የጠራው፤
ያ እጅ ነው አሁን ብርጭቆ የከበደው።

ልጁ ናሁሰናይ፣ ገና ሃያ ሁለት፣
ከአንድ ግሮሰሪ ደጅ፣ ቅዳሜ ሌሊት፣
በማያውቀው ጠብ ውስጥ፣ በሰበረው ጠርሙስ
ጅማት በጠሰ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ እስኪነጋ ድረስ።

ዐቃቤ ሕግ ተነሣ፦ «ከተማው ፈርቷል
ማምሻውን ለመውጣት። ይክበድ፤ ሌላው ያያል።»
ጠበቃው ተነሣ፦ «ልጅ ነው፣ ጥፋቱም የመጀመሪያው፤
ቃሊቲ ገብቶ የሚያገኘው
ከሱ የባሰ መምህር ነው።»
(እውነቱን ነው። የአክስቴ ልጅ በስልክ ስርቆት ገብቶ
መጣ፣ የመኪና በር መክፈቻ ጥበብ ሸምቶ።
ታናሹ ግን እዚያው እንጨት ሥራ ለምዶ
የምተኛበትን አልጋ ሠራልኝ ወዶ።)
ከኋላ ወንበር ላይ የምናሴ እኅት
«ይቅመሰው!» አለች፤ ፖሊሱ «እሽሽ» አላት።
እኔም በሆዴ «ይቅመሰው» ብያለሁ፤
ሦስቱንም ሰምቼ ለሦስቱም አደላሁ።

ዳኛው መነጽራቸውን ጠረጉና፣ ድንገት፣
«የግል ተበዳይ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አሏቸው።
ጋሽ ምናሴ ተነሡ፤ ግራ እጃቸውን አዩት፤
«መሰላሉን ይያዝልኝ» ብለው መለሱላቸው።
«ግራዬን እያስተማርኩ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።
እኔ ከላይ ስጽፍ እሱ ከታች ይቆማል።
ቢለቀው እወድቃለሁ። ያንን ይወቀው፤
እኔም ከላይ ሆኜ፣ መያዙን ልወቀው።»

ችሎቱ ዝም አለ። ባቡሩ አለፈ።
ሕጉ ተገለጠ፤ ስለ መሰላል ግን አንድም አልተጻፈ።
«አራት ዓመት ከሦስት ወር» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው፣
እንደሚያዝን ሰው፣ ወይ እንደደከመው።

ጣቴ እንደ ልማዱ ሮጦ ሮጦ ጻፈው።
ያኔ ነው ያየሁት፣ «ይማር» የሚለው ቃል
ሁለት አፍ እንዳለው፦
ጠብቆ ሲነበብ ትምህርት ነው፣ ለሌላው፤
ላልቶ ሲነበብ ምሕረት፣ ሟች የምንሸኝበት፣
ሰው ባስነጠሰ ቁጥር የምንመርቅበት።
ወረቀት ላይ ግን አንድ ነው፣ ምልክትም የለው፤
ማጥበቅም ማላላትም ያንባቢው ፋንታ ነው።

ከደረጃው ሥር ቆመው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣
የልጁ እናት ይርገዱ ጋሽ ምናሴን ጠበቋቸው።
እግር ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ በግራ እጃቸው አነሷቸው።
«መሰላሉን... እኔ ብይዘውስ?» ሲሉ ሰማሁ፤
መልሱን ሳልሰማ፣ ደወል ጠራኝና፣ ወደ ላይ ወጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በባቡር ሳልፍ ሰባተኛን፣
አየሁት ታቤላውን፣ የመድኃኒት ቤቱን፦
ፊደሎቹ ዘመዋል፤ የመጨረሻዋ «ት» ገና አልተጻፈችም።
መሰላሉ ቆሟል፤ ባቡሩ ቸኩሎ
ከታች ማን እንደያዘው አላሳየኝም።

በነጋታው መዝገቡን ለእርማት አወጣሁ፤
ደጋግሜ አነበብኩት፤ የሚታረም አጣሁ።