ነጻ ነሽ

ማክሩም ከተማ ውስጥ የችሎት ጸሐፊ፣
ከሰው ዕድሜ ቆራሽ፣ መዝገብ ላይ ለጣፊ፣
ያ ነበርሁ እኔ።

ድንች ከተመታ ሁለተኛ ዓመቱ፤
ትናንት አረንጓዴ፣ ዛሬ ጥቁር ዝቃጭ፤
ሬሳ ሬሳ ይላል ማለዳ መሬቱ።
ኮርክ ወደብ ላይ ግን አጃው በከረጢት ይጫናል አሁንም፤
አጃ ባሕር ሲያልፍ ችሎት አልቆመበት፣ የጠየቀው የለም።

በዚያው በመጋቢት ጎብነትን አመጧት፤
ጸጉሯ ጭስ ጭስ ይላል፣ ጥላሸት ነው እጇ፣
ሃያ ዓመት ቢሆናት ስልሳ አለ ከጉንጯ።
ክሱ ተነበበ፦
«የሚስተር ሃክስዌልን የድርቆሽ ክምር፣ በቀን በጠራራ፣
ለኩሳ ስትሞቅ ነው የተገኘችው፣ ፖሊስ ስትጠራ።»

«ስም?» አልኋት።
«ጎብነት።»
ይህን ስም የሚጽፍ ፊደል በመዝገቤ ያኔ አልነበረው፤
ጎብነት የሆነች «አቢጌል» ትባላለች፤ የቢሮው ደንብ ነው።
«አቢጌል» ብዬ ጻፍሁ።
አንገቷን አሰገገች፣ ማንበብ ባትችልም፦
«የኔ ስም የንቦች ቅድስት ስም ነው፤ ያ የጻፍኸው አይተምም።»
ቆየችና ሳቀች።
«ግድ የለም፣ ተወው። አቢጌል ትሰደድ፣ እህል ካለበት አገር፤
ጎብነት ግን እዚህ፣ ከእናቷ መቃብር፣ ከቀፎው ሥር ትቅር።»

ዳኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፦
«ሰባት ዓመት ግዞት። ከባሕር ማዶ። ከቫን ዲመን ምድር።»
ስንቷ ስታለቅስ፣ ስንቱ ሲንቀጠቀጥ ከዚያ ሳጥን አይቻለሁ፤
ይቺ እጅ ነሣች፣ ግብር እንደተጠራ ሰው።
«አሥራ አራት አይሆንም፣ ጌታዬ?» አለች።
አዳራሹ ሳቀ።
እኔ አልሳቅሁም። የግዞተኛን ድርጎ የገለበጥሁ ነኝና፣ አውቃለሁ ቁጥሩን፤
ዳቦ በየቀኑ፣ ሥጋ በየሳምንቱ፣ ሻይ ከነስኳሩ።
ይህን የሚያህል ማዕድ ያልሰረቀ ሰው ከቶ አልቀመሰም
በቀዬው በዳሩ።

የመርከቡን ነገር የነገሩኝ ይኸው ነው፦
አንገቷ ላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ቁጥር።
ማዕበል ያላየ ሰው ስለ ማዕበል
ዝም ቢል ነው የሚያምር።

ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶ፣ በቄስ እጅ ዞሮ፣ ደብዳቤ ደረሰ፤
ለታናሿ ለሶርኻ አነበብሁላት፦
«ሆባርት ነኝ፣ እጥበት ቤት። ተራራው ፀሐዩን ይጋርዳል።
ጣቴ በሳሙና ተልጧል። ግን ጠግቤያለሁ፤ ሆዴ እንቅልፍ ያውቃል።
‹አቢጌል!› ሲሉኝ፣ ሌላ ሰው መስሎኝ፣ ዞሬ አያለሁ ዛሬም።
እህቴ፣ ክብሪት አትፍሪ።
ክብሪት ክፉ አይደለም።»

በሰኔ፣ እዚያው ሳጥን ውስጥ፣ ሶርኻ ቆመች፤
ድርቆሹም የዚያው ሰው፣ ሰዓቱም ቀትር፤ እሷም አልሸሸች።
ዳኛው ግን ነቅቷል። ከደብሊን ተጽፎለታል፦
«ለመርከቡ ሲሉ ነው የሚያቃጥሉት፤ አትሸልሟቸው» ተብሏል።
መነጽሩን አወለቀ፤ ድምፁን አለሳልሶ፣ ልክ እንደ ደግ አባት፣
«ልጅ ነሽ። ምሬሻለሁ። ሂጂ፣ ነጻ ነሽ» አላት።

ነጻ።
ሰው ሲስቅበት፣ ሲያለቅስበት፣ መሬት ሲስምበት ይህን ቃል ጽፌያለሁ፤
ሰው ሲሞትበት ግን ያን ቀን ነው ያየሁ።

ሳጥኑን በሁለት እጇ ያዘች።
«እኔ ነኝ ያቃጠልሁ። በቀን። ሰው እያየኝ።»
«ነጻ ነሽ።»
«ሰባቱን ስጠኝ።»
ፖሊሱ ጣቷን ከእንጨቱ ላይ አንድ ባንድ አላቀቀ፤
ወደ ነጻነቷ ገፍቶ አስወጣት፤
በሩን ጠረቀቀ።

በኅዳር አገኟት፣ ከባሊቮርኒ መንገድ።
ጥርሷ ላይ ሣር ነበር።

ስሟን በተሳሳተ የጻፍኋት ዳነች።
ሶርኻን ግን፣ የተለቀቀ ሰው መዝገብ ማንም አያይምና፣
በአባቷ ቋንቋ፣ ልክ እናቷ እንደጠራቻት፣
አሳምሬ ጻፍኋት።

ለእህቷ ማርዳት የኔ ፈንታ ሆነ።
ወረቀት ዘረጋሁ። «ውድ ጎብነት» ብዬ ጀመርሁ፣ አቆምሁ፤
ሻማው አለቀ፤ ሌላ ለኮስሁ።
በዚህ ስም ብልከው፣ ሆባርት ላይ
የሚቀበል የለም።