የውሃ ቢሮው ጡረተኛ ማጣሪያ ሲመርጥ

ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ሳጠራ ኖሬ፣
ለሦስት ዓሣ ብዬ ገበያ ወጣሁ ዛሬ።

ደሴ፣ ፒያሳ፣ ከዳገቱ አፋፍ፣
የሙሄ ሱቅ አለ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጎን፣ በጠባብ ደጃፍ፤
ግማሹ የወፍ ጎጆ፣ ግማሹ መስታወት፣
ውስጡ የሚንቀጠቀጥ አረንጓዴ መብራት።

«የስንት ሊትር ገንዳ ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።
ስልሳ ብዬ አፈርኩ፤ ምላሴ እንደ ልማዱ በሜትር ኩብ ሊል
ሲንደረደር ያዝኩት።

ሦስት ማጣሪያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ።
አንደኛው በርሜል ነው፤ ጥቁር፣ ቱቦው የዞረ፣
ሆዱ በሦስት መሳቢያ፦ ጠጠር፣ ጥጥ፣ ከሰል፤
የኛን ጣቢያ መሰለኝ፣ በመዳፍ ልክ ሲሣል።
ወደድኩት። ዋጋውን ሲጠራ የጡረታ ደብተሬ ኪሴ ውስጥ ሲያስል ሰማሁ፤
ቀስ ብዬ መለስኩት፣ እንዳይሰበርብኝ ፈራሁ።

ሁለተኛው ከመስታወቱ ጠርዝ እንደ ቅርጫት ይንጠለጠላል፣
ውሃ ሽቅብ ስቦ መልሶ ቁልቁል ይጥላል፤
ትንሽ ፏፏቴ አለችው፤ ሃያት ብታያት ትስቃለች።
«መብራት ሲጠፋስ?» ብለው፣ «ያቺማ ትደርቃለች፤
ሲመጣም ካልሞላሃት ባዶዋን ትጮሃለች።»
መብራት መጥፋቱን ደግሞ ደሴ ሳትጠየቅ ታውቃለች።

ሦስተኛው ሰፍነግ ነው፤ ከድንች የማይበልጥ፣
አየር ሲነፉበት አረፋው የሚያመልጥ።
«ይህማ የሳህን ማጠቢያ ነው» ብዬ ሳቅኩበት።
«የፊተኞቹ በምን ሞቱ?» ሲለኝ ግን አንገቴን ደፋሁት።

በኔ ውሃ ነው የሞቱት።
ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከራሴ ቧንቧ ቀድቼ፣
ዕድሜ ልኬን ክሎሪን መጥኜ፣ ቀምሼ፣ አሽትቼ፣
ስንቱን ሕፃን ከተቅማጥ ያተረፍኩበትን ውሃ
ሞላሁላቸው በኩራት፣ እንደ ሠርግ፣ እንደ ፍስሐ።
በነጋታው አራቱም ተንሳፈው በጎናቸው፣
ሃያት ጭልፋ ይዛ፦ «አባዬ፣ ለምን ጋደም ብለው ዋኙ? ምን ነካቸው?»
አዲሶቹ ሦስቱ አሁን ባልዲ ውስጥ ናቸው፣
ሁለት ቀን ፀሐይ የሞቀው ውሃ ሞልቼላቸው።

«ስማኝ አባ» አለ ሙሄ፣ ሰፍነጉን በጣቱ ጨምቆ፣
«ይኼ ነገር ዓሣ አያድንም ንጹሕ ሆኖ፣ ደምቆ።
ወር ሙሉ ይቆሽሽ። ይዝለግለግ። ቡናማ አተላ ይልበስ።
መርዙን የሚበላው አተላው ነው፤ በቧንቧ አጥበህ እንዳትጨርስ።
የግድ ካልክ፣ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ነከር፣
አንዴ ጨመቅ፤ በቃ። የሚያጠራው ቆሻሻው ሲከበር።»

ቆሻሻው ሲከበር!
ይህን ቃል በሥራ ዘመኔ፣ እኔ ፊት፣ ማን ደፍሮ ይናገር?

ሸጋው የሚባል ልጅ ነበረ፣ ከኔ ሥር የሚሠራ፣
የአሸዋውን ገንዳ ሲያጥብ ትንሽ ደለል የሚተው፣ እየፈራ።
«ጋሼ፣ አሸዋው ሲላመድ ነው የሚያጣራ» ቢለኝ፣
የሦስት ቀን ደሞዝ አስቀጣሁት። ፊርማዬ አሁን ታየኝ።
ኮምቦልቻ ነው ያለው ይላሉ፤
ሌሎች ደግሞ ባቲ ገበያ አየነው ይላሉ።

ሰፍነጉን ገዛሁ። ከነሞተሩ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፤
ዋጋ ስከራከረው «ለውሃ ቢሮ ሰው ጭማሪ አለ» ብሎ አሾፈብኝ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራቱ ሄደ። ጦሳ በጨለማ ቆመ።
ቡልቅ ቡልቅ ይል የነበረው አረፋ ጸጥ ሲል ጆሮዬን ታመመ።
ተነሣሁ። በኩባያ ከገንዳው ቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ
መለስኩ፤ ቀዳሁ፣ መለስኩ፣ አየር እንዲገባ ብዬ። ኩባያ ሆነ ማዕረጌ።

ሃያት ጋቢዬን ተከናንባ መጣች፣ ዓይኗን እያሸች፤
ከአርባ በኋላ የጠፋብኝን ቁጥር እሷ ያዘች።
ሰፍነጉ ገና አዲስ ነው። ጥቁር ነው። ምንም አያውቅም።
አተላ እስኪያወጣ ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ እኔም እንቅልፍ አልጠግብም።

ነገ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሹፌር አለ፤ ስለ ሸጋው እጠይቀዋለሁ።
አሁን ግን ሃምሳ ሦስት። ሃምሳ አራት። ኩባያውን አነሣለሁ።